ምራቄን ስለጠየቅሽኝ

ሴሞንኮንግ፣ ሌሶቶ
ጁላይ 9፣ በረዶው በወደቀ ማግስት

ለልጅ ልጄ ለሊምፎ፣ ለብሉምፎንቴኗ አስተማሪ፣ ባለፈው ገና መጥታ ዶሮውን ብቻዋን ለጨረሰችው፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከአንገቴ በላይ ደህና ነኝ። ከአንገቴ በታች ያለውን ጉልበቴን ጠይቂው፤ ከእኔ ጋር መነጋገር ካቆመ ሰንብቷል። አባትሽ ደህና ነው፤ እንደ ወትሮው ከኮርቻ ስፌቱ ቀና አይልም። ፍየሎቹም ደህና ናቸው። ያ ነጩ ፈረስ ብቻ አርጅቶ ኮርቻ ባየ ቁጥር የሞተ መስሎ ይተኛል። እኔም የቤተ ክርስቲያን ደወል ስሰማ እንደዚያው ስለማደርግ አልፈርድበትም።

ጽሕፈቴ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ቢልብሽ በጠረጴዛው አሳብቢ። አንድ እግሩ አጭር ነው። በዚያ ላይ ብርዱ አለ። በዚያ ላይ ይህ የላክሽልኝ እስክርቢቶ እንደ ከተማ ልጅ ቀጥ ብሎ መሥራት አይወድም። እንግዲህ ሦስት ምክንያት ሰጥቼሻለሁ፤ የወደድሽውን ምረጪ፣ አራተኛ አትፈልጊ።

ሳጥንሽ ደርሶኛል። የሚኒባሱ ሾፌር ራሱ እስከ በሬ ድረስ አመጣልኝ፤ ግን በሁለት ጣቱ ነው የያዘው፣ የሞተ አይጥ የያዘ ይመስል።

"ንታቴ ራፔላንግ፣ ውስጡ ምንድን ነው?" አለኝ።

"የልጅ ልጄ ጥርስ ልካልኝ ነው።"

"የማን ጥርስ?"

"ከአንተ በፊት የነበረው ሾፌር።"

ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለኝ አፉን ገጥሞ ነው።

ስከፍተው ሁለት ብልቃጦች አገኘሁ፤ አንዷ ላይ የእኔ ስም፣ ሁለተኛዋ ላይ የአባትሽ የኮትሶ ስም። ደብዳቤሽን ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ፣ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ሞሌፊ ሊያገባሽ መጠየቁን ጽፈሻል፤ እስከዚህ ድረስ ቆሜ ነበርኩ፣ ደስ ብሎኝ ለፈረሱም ነግሬዋለሁ። ከዚያ ግን አባቴንና ወንድሜን ሞኬቴን የገደለው እንቅጥቅጥ በዘር የሚሄድ በሽታ መሆኑን አንድ ሐኪም እንደነገረሽ ጻፍሽ። እኔ ካለብኝ አባትሽም ሊኖርበት፣ አባትሽ ካለበት አንቺም ሊኖርብሽ ይችላል አልሽ። ስለዚህ የሁለታችንንም ምራቅ እንልክልሽና አንቺ ጆሐንስበርግ ላለው ድርጅት ታስተላልፊያለሽ። "ለአባቴ እርስዎ ይንገሩልኝ፤ እኔ ደፍሬ አልጠየቅኩትም። አጎቴ ሴቻባ ይረዳዎታል" የሚልም አለበት። ከታች ደግሞ ይህ፦

"አባባ ሞኬቴ ማንኪያ ወደ አፉ መውሰድ ሲያቅተው አይቻለሁ። በደሜ ውስጥ ካለ ሞሌፊን አላገባውም። ይህን ለልጅ አላወርስም።"

ይህን ሳነብ ለጊዜው ቀልድ አጣሁ። አይዞሽ፣ ተመልሶልኛል።

ተመልሶ ሲመጣ ግን ጥርጣሬን አስከትሎ ነው የመጣው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት አንቺን ነው። እንቅጥቅጡ በአንቺ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የአንቺ ምራቅ ይበቃ ነበር፤ ምን የሽማግሌ ምራቅ አስለመነሽ? ፈሪ! የራስሽን ድስት መክፈት ፈርተሽ የእኔን ክዳን ታነሺያለሽ። በልጅነትሽም እንዲሁ ነበርሽ፤ ጥርስሽ ሲነቃነቅ የእኔን እያወዛወዝሽ ያምም እንደሆነ ትጠይቂኝ ነበር።

ቀጥሎ የሞሌፊን እናት ጠረጠርኩ። አይቻት አላውቅም፣ እጠረጥራታለሁ። "በዚያ ቤት ሰው ይንቀጠቀጣል አሉ" ብላ በልጇ ጆሮ የሆነ ነገር ጠብ ያደረገች ሴት ትኖራለች። ድሮ የጥሎሽ ከብት የሚነዱ ሰዎች በር ላይ ቆመው "ምን ትጨፍራላችሁ?" ይሉ ነበር፤ "አዞ" ስንላቸው ዘራችንን አወቁ፣ በቃ፣ ይገባሉ፣ ቢራ ይጠጣሉ። ዛሬ ወረቀት ሊጠይቁን ነው? ካልሆነ ይቅርታ። ከሆነ ግን እኔ ጋ ላኪያት።

በሳጥኑ ውስጥ የታጠፈውን ወረቀትስ አንብበሽዋል? እኔ አንብቤዋለሁ፤ በረዶ የዘጋበት ሽማግሌ ሌላ ምን ሥራ አለው። ፊደሉ የጉንዳን እንቁላል ያክላል። ሰው እንዲያነበው ቢፈልጉ ኖሮ እንዲህ አያደቅቁትም። "ናሙናው ለምርምር ሲባል ለተባባሪ ድርጅቶች ሊተላለፍ ይችላል" ይላል። ተባባሪዎቹ እነማን ናቸው? በምን ይተባበራሉ? ከምራቄ መድኃኒት አውጥተው ቢሸጡ ለእኔ አንድ በግ ይልካሉ? ደግሞ "ተስማምቻለሁ" ከሚለው ጎን ምልክት አድርግ ይለኛል። እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ምራቄ ውስጥ ግን አባቴ አለ፣ ሞኬቴ አለ፣ የሞኬቴ ልጅ ሴቻባ አለ። ሙታኑስ ይሁን፤ ሴቻባን ማን ጠየቀው? እናቴ የቆረጠችልንን ጥፍርና የላጨችንን ጸጉር ጠላት እንዳያገኘው ትቀብር ነበር። አንቺ ደግሞ ምራቅ ላኩ ትይናለሽ፤ ያውም ስማችን ተጽፎበት!

የቀብር ኢንሹራንስ የምትሰበስበዋን ልጅም አሰብኳት። በመጣች ቁጥር "በቤተሰባችሁ በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለ?" ትለኛለች። እኔም "አለ፤ ሁላችንም እናንኮራፋለን" እላታለሁ፤ ስቃ "የለም" ብላ ትጽፋለች። እስከ ዛሬ በትክክል የማላውቀውን ነገር ነው ያልነገርኳት። ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ግን ያችው ቀልዴ ማጭበርበር ትሆናለች። እውነቱን ብነግራት ደግሞ መቀበሪያችንን ትከለክለናለች። እንግዲህ ምን ልበላት? ይህን ሐኪምሽን ጠይቂልኝ።

ከሁሉ በላይ ያጠራጠረኝ ግን ሴቻባ ነው። አጎትሽ ሥጋ ሳይሸተው ቤቴን የማይረግጥ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ። ትናንት ግን ገና ብርድ ልብሴን ሳልደርብ፣ ያን ሁሉ በረዶ እየረገጠ መጣ።

"ንታቴ፣ ብልቃጡ መጣ አሉ።"

"ማን አለ?"

"ሾፌሩ።"

"ሾፌሩ እኮ የሚያውቀው ጥርስ ነው።"

"ሊምፎ ደውላ ነግራኛለች፣ ንታቴ። ይትፉና እንጨርሰው። ነገ መንገዱ ከተከፈተ መኪናው ይወርዳል።"

ወረቀቱ ከመትፋት በፊት ለግማሽ ሰዓት ምንም አይብሉ፣ አይጠጡ፣ አያጭሱ ይላል። ሴቻባ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ያዘ። እኔም እጄን አጣጥፌ እንደ ሙሽራ ቁጭ አልኩ። ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከምድጃው አጠገብ የነበረውን የኮመጠጠ የማሽላ አጥሚት አነሳሁና ፉት አልኩ።

"ንታቴ!"

"ምነው?"

"ጠጡ እኮ!"

"አፌ ደረቀ። ደረቅ አፍ ምን ይተፋል?"

"እንደገና ግማሽ ሰዓት ሊሆን ነው!"

"የት ልትሄድ ነው? በረዶ ነው። ቁጭ በል፣ አንተም ጠጣ።"

ለራሱ አልቀዳም። ያኔ ልብ አላልኩትም። እንደገና ሰዓት ያዘ። በሁለተኛው ዙር ሱረቴን አወጣሁና ሳብ አደረግሁ። ሴቻባ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

"ይህ መብል አይደለም፣ መጠጥም አይደለም፣ ጭስም የለውም" አልኩት። "ወረቀቱ ስለ አፍንጫ ምን ይላል?"

ምስኪን ሴቻባ፣ እውነት መስሎት ወረቀቱን አገላብጦ ፈለገ! እኔ በውስጤ እየሳቅሁ ነበር፤ ሳቄ ደረቴ ላይ ሳለ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ።

"የኮትሶስ?"

"የኮትሶ ምን?"

"ኮትሶ ተፍቷል? እርስዎ ባይተፉ እንኳን የሱ ይሂድ። ዋናው የሱ ነው።"

ሳቄ እዚያው ቆመ። ዋናው የሱ ነው? ለማን?

ከታች ያለው መንደር ውስጥ የሆነውን ሰምተሻል። አንድ ሰው አባቱ ሲሞትበት ታናሽ ወንድሙን ከማሳው ሊያስወጣ የዲኤንኤ ወረቀት ይዞ አለቃው ፊት ቀረበ። አለቃው "ለዚህ ልጅ እናት ከብት የሰጠው ማነው?" ብለው ጠየቁ። "አባቴ" አለ። "እንግዲያው ልጁ የአባትህ ነው፤ ወረቀትህን አጥፈህ ግባ" አሉት። እሱ ግን አጥፎ የሄደው ከተማ ወዳለው ፍርድ ቤት ነው። ከተማ ደግሞ ከብት ሳይሆን ወረቀት ነው የሚያየው። ይኸው እስከ ዛሬ ይካሰሳሉ፣ ማሳው አረም በልቶታል። በእኛ ቤት ከኮትሶ ቀጥሎ ለማሳዬ ቅርብ የሆነው ማነው? ሴቻባ። ታዲያ የኮትሶን ምራቅ ለምን እንዲህ ናፈቀ? አሰብኩና ሱረቱ ራሱ መረረኝ።

"ቢናፍቅስ ምን አስፈራዎት?" ትይኛለሽ። ቆዪ፣ አትቸኩዪ።

ወጥመድ አጠመድኩለት። የአባትሽን ብልቃጥ ከብርድ ልብሴ ውስጥ አወጣሁ። "ኮትሶ ኮርቻ ይዟል፣ እስከ ማታ አይነሳም" አልኩት። "አንተ ትፋበት። የወንድማማች ልጆች ናችሁ፣ ማን ያውቅብናል?" ማሳ የፈለገ ሰው ይህን እሺ አይልም። "የራሱ የኮትሶ መሆን አለበት" ብሎ ይሟገተኛል። ያኔ አንቆ መያዝ ነው። ዓይኑን እያየሁ ጠበቅሁ።

ሴቻባ ብልቃጡን አየው። ፊቱ አመድ መሰለ።

"አይሆንም፣ ንታቴ።"

"ለምን?"

"የኔ አይሆንም።"

"ምራቅ አይደል እንዴ? የአንተ ከምን ተሠራ?"

"የኔ አይሆንም አልኩ!"

ሴቻባ በዕድሜው ጮኾብኝ አያውቅም። ያዝኩህ አልኩ በልቤ፤ አፌን ለስድብ ከፈትኩ። እሱ ግን መጮኹ ራሱን አስደነገጠው መሰለኝ፣ የሚይዘው ነገር ፈልጎ አጥሚት ያለበትን ኩባያ አነሳ። አጥሚቱ ከኩባያው እየዘለለ ጣቶቹ ላይ፣ ጉልበቱ ላይ፣ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። በሌላው እጁ ሊደግፈው ሞከረ። ሌላውም ያው ነው።

የከፈትኩትን አፍ ዘጋሁት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከመከር ወዲህ።"

"ሚስትህ አይታለች?"

"ኩባያው ሞቆ ነው እላታለሁ።"

ለካ እሱም እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ አለው።

"ታዲያ የኮትሶ ምራቅ ምን ሊያደርግልህ ነው?" አልኩት። "እኔ እኮ ማሳውን የፈለግህ መስሎኝ ነበር።"

"ማሳ?" አለና በእጁ ላይ የፈሰሰውን አጥሚት አሳየኝ። "በዚህ እጅ ምን ልይዝበት?" ከዚያ አንገቱን ደፍቶ "አብረን ነው ያደግነው" አለ። "የኮትሶ ወረቀት 'ንጹሕ ነው' ካለ በሽታው ከቤታችን ወጥቷል ማለት ነው፣ እኔም እድናለሁ ብዬ ነው። የራሴን ማየት አልቻልኩም። አባቴን ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት እኔ ነኝ፣ ንታቴ። ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ።"

እስከዚያች ሰዓት ሌባ ሆኖ የታየኝ ሰው ከራሱ የተደበቀ ሰው ነበር። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እሱ "ንጹሕ" በሚለው የኮትሶ ወረቀት ላይ ተስፋውን ጥሏል። ያ ወረቀት ለሱ ምንም እንደማያደርግለት እኔ አውቅ ነበር። ልነግረው ግን አልቻልኩም።

ኩባያውን ተቀብዬ የፈሰሰውን አጥሚት ጠረግሁ። በመጨረሻ "ልጆች አሉኝ" አለ። "ለነሱ ሲባል መታየት አለበት። ግን ውጤቱ ሲመጣ ለእኔ እንዳይነበብልኝ። ሊምፎ ትያዘው። ልጆቼ ሲደርሱና መጠየቅ ሲፈልጉ ለነሱ ትንገራቸው።"

"አንተስ?"

"እኔ ኩባያው ሞቆ ነው።"

የእኔን ስም ከብልቃጡ ላይ ሰርዘን የሱን ጻፍን፤ እንደምታይው ጽሕፈቱ ያምራል አልልሽም። እዚያው ፊቴ ተፋ። ክዳኑ ግን አልገጥም አለን። ሴቻባ ሞከረ፣ ወደቀበት። እኔ አነሳሁና ሞከርኩ፣ ከጠርዙ ጋር እየተጋጨ ቀጭ ቀጭ ይላል።

"ብርዱ ነው" አልኩ።

"አዎ፣ ብርዱ ነው" አለ።

ያለነው እሳቱ ዳር ነበር። አራት እጅ ይዘን አንዲት ክዳን አሸነፈችን። ተያየንና ሳቅ ጀመርን፤ ሴቻባ እስኪያነባ ሳቀ፤ የሳቅ እንባ ይሁን የሌላ አልጠየቅሁትም።

በዚህ መሃል አባትሽ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ገባ፤ መርፌው ከነክሩ ኮሌታው ላይ ተሰክቷል።

"ምን ሆናችኋል? በጠዋቱ ቢራ ጀመራችሁ?"

"የሴቻባ መድኃኒት ነው" አልኩት። "ክዳኑ እምቢ ብሎን ነው።"

ብልቃጡን ተቀበለኝ። የመጣው ሰም ፈልጎ ነበር፤ የት እንዳስቀመጥኩት እየጠየቀኝ፣ ብልቃጡን ሳያየው፣ በሁለት ጣቱ ጠቅ አደረገው። ሰሙን ይዞ ወጣ። ኮትሶ ዕድሜው ከሴቻባ በአንድ ዓመት ይበልጣል፤ እስከ ዛሬ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ሲያስገባ ወደ ብርሃን እንኳን አይዞርም። ሴቻባ በሩን እያየ "ታድሎ" አለ። እኔ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመርኩ።

አሁን የምነግርሽን ግማሹን ታውቂዋለሽ። አንቺ የተወለድሽ ቀን አባትሽ ኮርቻ ላይ እንዳጎነበሰ አንድ ባልዲ ውሃ ከኋላው ወረደበት፤ ሴት ልጅ ስትወለድ አባትየው ዜናውን የሚሰማው እንዲያ ነው። ወንድ ከሆነ ደግሞ በዱላ ይመቱታል። እኔ የተመታሁት እዚህ ታች፣ አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው፤ ከዌልኮም የወርቅ ማዕድን ስመለስ። የማዕድኑ ውል ሲያልቅ ሌላ ውል ቀጠሉብኝ፣ ያኔ መንገድም ስልክም አልነበረም። ከቤቴ የወጣሁት ኮኩ ሲያብብ ነው። ኮኩ እንደገና አብቦ፣ አፍርቶ፣ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ነው የተመለስኩት። ሕፃኑ ገና እምብርቱ አልደረቀም ነበር። መቁጠር የምታስተምሪ ልጅ ነሽ፤ ይህን ግን አትቁጠሪው።

ከአውቶቡሱ ስወርድ ግማሹ መንደር ቆሟል። ሰላም የሚለኝ የለም። ሁሉም ፊቴን ነው የሚያየው። ከኋላዬ ሞኬቴ በዱላ ነካ አደረገኝ። መታኝ አልልሽም፣ ነካ አደረገኝ። እጁ ያኔ ጤነኛ ነበረች፤ ግን ስትንቀጠቀጥ መጀመሪያ ያየኋት ያን ቀን ነው። ዞር ስል ዓይኑ "ወንድሜ፣ እባክህ፣ አታዋርዳት" ይላል። ከዚያ ቦታ ቤታችን ይታያል። አያትሽ አራስ ነበረች፣ አትወጣም። በዚያ ብርድ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጆሮዋን እዚያ አድርጋ ነበር።

"ለወንድ ልጅ የሚመታው እንዲህ ነው?" አልኩት ሞኬቴን፣ በሩ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። "ዝንብ ነው የምታባርረው? ደህና አድርገህ ምታኝ እንጂ!"

ያን ጊዜ መታኝ። እንዴት አድርጎ! ስንት ቀን በሆዴ ተኛሁ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ የፈራው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ጀርባዬን እያሸሁ ወደተከፈተው በር ሄድኩ። ስም ፍለጋ አልደከምንም። አያትሽን ባገባሁ ቀን አባቴ "ማኮትሶ" ብሎ ሰይሟት ነበር፤ የኮትሶ እናት። ስሙ ከልጁ ቀድሞ ገብቶ ቤታችን ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር፤ ልጁ መጣና ለበሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም፤ እሷንም ቢሆን። እሷ ግን እስክትሞት ድረስ ክረምት በገባ ቁጥር ጀርባዬን በስብ ታሸኝ ነበር፤ ቁስሉ ከዳነ ስንትና ስንት ዘመኑ!

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን። የአባትሽ ብልቃጥ ጠፍቷል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሌላ እንዳትልኪ፣ እሱንም አጠፋዋለሁ። በነገራችን ላይ ለሱረቴ አዲስ ዕቃ አግኝቻለሁ፤ ክዳኗ ጥሩ ነው፣ አታፈስም። የሴቻባን ብልቃጥ ሾፌሩ ያመጣልሻል። እንቅጥቅጡን ብቻ ይዩለት፣ ሌላ አይነካኩ፤ ውጤቱንም እንዳለው ያዢለት፣ ለእኔም አትንገሪኝ። የእኔን ምራቅ አትጠብቂ። እኔ ስለ ራሴ የምጠይቀው የለኝም፤ ጠረጴዛው ነግሮኛል።

አንቺ ካላመንሽኝ በራስሽ ብልቃጥ ትፊ። ምንም አይገኝብሽም። "እንዴት ያውቃሉ?" ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ያ እንቅጥቅጥ በአባቴ ቤት ብዙ በር አንኳኩቶ ገብቷል፤ ወደ አባትሽ ግን የሚሻገርበት ድልድይ አላገኘም፣ ወደ አንቺም አያገኝም። ወረቀቱ ላይ "ዘመዶችዎን ማወቅ ይፈልጋሉ?" የምትል ጥያቄ አለች። እሷን እጠረጥራታለሁ፤ ከሁሉም የምትስቀው እሷ ናት። "አልፈልግም" በያት። የሴቻባን ምራቅና የአንቺን ጎን ለጎን እንዳያስቀምጡ።

ግን አንቺንም እጠረጥራለሁ። ልጅ ሳለሽ የተዘጋ ሣጥን አይተሽ ማደር አትችዪም ነበር። ከፍተሽ ካየሽ እንግዲህ፣ ያየሽውን እኔ አባትሽ ጥርስ ከማብቀሉ በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ለዚህ ቤት አዲስ ወሬ አይደለም። ለአባትሽ ሳትነግሪ ቀጥ ብለሽ ወደ እኔ ነይ። አያትሽ ከሞተች ወዲህ ይህን ብቻዬን ነው የተሸከምኩት፤ አንዱን ጫፍ ትይዢልኛለሽ።

ሞሌፊን አግቢው። ከብቶቹን ይንዱ። በር ላይ ቆመው "ምን ትጨፍራላችሁ?" ሲሉ አፍሽን ሞልተሽ "አዞ" በያቸው፤ እኔ ከኋላሽ ቆሜ የሚጠራጠር ፊት ካለ አያለሁ። እናቱ ወረቀት ካለች አጠገቤ አስቀምጣታለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለች፣ ሊሞላ ሲል አጥሚት እጠጣለሁ።

ሰላም ከቤትሽ አይራቅ፣ ዝናቡ በጊዜው ይውረድልሽ፣ ድስትሽም አይጉደል፤ ዶሮ ከሆነ ለሌላው ማስቀረትን እግዚአብሔር ያስተምርሽ።

አያትሽ፣ ስለ አባትሽ የተመታው፣
ራፔላንግ

ይህን ረስቼ፦ ወንድ ልጅ ብትወልዱ ሞሌፊን የምመታው እኔ ነኝ፣ ለማንም አልለቅም። አስቀድመሽ ግን ንገሪው፤ እጄ አንዴ ከተነሳች ስንት ጊዜ እንደምትወርድ እኔም አላውቅም። ሴት ከሆነች ባልዲውን አባትሽ ይያዘው። እኔ ከያዝኩት ውሃው መንገድ ላይ ያልቃል።